የሄደ ሁሉ ከሃዲ ነውን?

«ዝውውር» የሚለው ቃል በአማርኛችን ሁለት ቤት አለው። አንደኛው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ መምህሩ፣ ነርሷ፣ ፖሊሱ ማመልከቻ ጽፈው፣ ዓመት ቆጥረው፣ ደጅ ጠንተው የሚጠብቁት ዝውውር። ሁለተኛው የኳስ ሜዳ ነው፤ ተጫዋች ከአንዱ ክለብ ወጥቶ ሌላው ዘንድ የሚገባበት። ቃሉ አንድ ነው፤ ድርጊቱም ቢሆን ከሥሩ አንድ ነው። ሰው እንጀራውን ተከትሎ ቦታ ይለውጣል። ፍርዳችን ግን ለየቅል ነው። መምህሩን «እንኳን ደስ ያለህ» እንለዋለን፤ ተጫዋቹን «ከሃዲ» እንለዋለን። ለመሆኑ ይህ የፍርድ ልዩነት ከየት መጣ? ተገቢስ ነውን?

ጥያቄው ቀላል የሚመስለው ኳስን እንደ ጨዋታ ብቻ ለሚያይ ሰው ነው። በዚህ አገር ለክለብ ብሎ እራት የሚተው፣ ከወዳጁ የሚኳረፍ፣ አልፎ አልፎም ድንጋይ የሚያነሣ ሰው አለ። ስለዚህ ደጋፊ የሚቆጣበት ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ስለ ራሳችን ማወቅ ነው።

አንድ እውነተኛ ነገር እንያዝ። ሰኞ ጥር 14 ቀን 2010 ዓ.ም. ሁለቱ የእንግሊዝ ክለቦች፣ አርሴናልና ማንቸስተር ዩናይትድ፣ በውድድሩ ዘመን አጋማሽ ላይ ተጫዋች ተለዋወጡ። ቺሊያዊው አሌክሲስ ሳንቼዝ ወደ ማንቸስተር ሄደ፤ አርመናዊው ሄንሪክ ሚኪታሪያን ወደ ለንደን መጣ። እንደ ከብት ገበያ ልውውጥ፣ በሬ በበሬ። ሳንቼዝ ለአርሴናል በ166 ጨዋታዎች 80 ጎሎች ያገባ ሰው ነው። ውሉ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ቀርተውት ስለነበር፣ ክለቡ ባዶ እጁን ከሚቀር ቢለውጠው ይሻለኛል አለ። ሒሳቡ ይኸው ነው።

የደጋፊው ሒሳብ ግን ሌላ ነው። በዚያ ሰሞን በግል ጉዳዬ ወደ አፋር እየወረድሁ ነበርና ሰኞ ማታ አዋሽ ሰባት ኪሎ አደርሁ። አዋሽ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት፤ መንገዱም እዚያ ላይ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ድሬዳዋና ሐረር፣ ሌላው በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ወደ ሰመራና ጅቡቲ ይወስዳል። ስለዚህ በአዋሽ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ የሚቀመጠው ሰው የመንገድ ሰው ነው፤ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ረዳት፣ ጫኝና አውራጅ፣ የከተማው ወጣት። ስዋንሲና ሊቨርፑል እየተጫወቱ ነበር፤ ስዋንሲ 1 ለ 0 አሸነፈ። ጨዋታውን ልብ ብሎ ያየ ሰው ግን ጥቂት ነው። ቤቱ በሙሉ የሚሟገተው ስለ ልውውጡ ነበር። ሁለቱም ክለቦች ቀይ ለባሾች ስለሆኑ ማን የማን ደጋፊ እንደሆነ የሚለየው በጩኸቱ ብቻ ነው።

አንድ ጎልማሳ ሾፌር የተናገረው አልረሳኝም። «እኔ አምና የማን መኪና ነበር የምነዳው? ዘንድሮስ? ለምን ሄድክ ብሎ የሰደበኝ አለ? ታዲያ ይሄን ሰውዬ ምን ቤት ነን ብለን ነው የምንሰድበው?» አለ። ረዳቱ ወዲያው መለሰለት፤ «ጋሼ፣ አንተ ስትነዳ ሕዝብ አልዘፈነልህማ!»

ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው።

በማግስቱ ሰመራ ገባሁ። ሰመራ የክልሉን ዋና ከተማነት ከአይሳኢታ የተረከበች፣ በሜዳው ላይ በዕቅድ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በዚህም ምክንያት ብዙ ነዋሪዋ ተመድቦ የመጣ ነው፤ የመምሪያ ሠራተኛ፣ የጤና ባለሙያ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር። ሙቀቱን ቆጥሮ፣ ዓመቱን ቆጥሮ፣ የዝውውር ማስታወቂያ የሚጠባበቅ ሰው ሞልቷል። እዚያ ያገኘሁት አንድ ወጣት መምህር ከሰዓት በኋላ በሙሉ ያጫወተኝ ስለ ዝውውር ማመልከቻው ነበር፤ ምላሹ በዓመቱ አጋማሽ ይመጣል የሚል ተስፋ ነበረው። ማታ ሻይ ቤት ስንቀመጥ የሳንቼዝ ስም ተነሣና «ከሃዲ!» ሲል ጠረጴዛውን መታው።

«አንተስ?» አልሁት። «በዓመቱ አጋማሽ ጥለሃቸው የምትሄድ ተማሪዎችህስ ምን ይበሉህ?»

ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ እየሳቀ «ጋሼ፣ እኔ ኮ ለተማሪዎቼ ማልያ ስሜ አላውቅም» አለኝ።

ቀልድ ነው፤ ነገር ግን ከብዙ ክርክር የበለጠ ነገር ይዟል። እስኪ ከፍለን እንመልከተው።

ደጋፊ ለክለቡ የሚሰጠው ነገር ምንድር ነው? ጊዜውን፣ ድምፁን፣ አንዳንዴም ከጉሮሮው የነጠቀውን ገንዘብ ነው። ማንም አላስገደደውም፤ ውልም አልፈረመም። ስለዚህ የሰጠው ስጦታ እንጂ ብድር አይደለም። ስጦታን «መልስልኝ» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከጅምሩም አልሰጠም፤ አበድሮ ነበር ማለት ነው። ተጫዋቹ ሲሄድ «ይህን ሁሉ ዘፍኜልህ!» የምንለው እኛ፣ ሳናውቀው አራጣ አበዳሪ ሆነን ቁጭ ብለናል። የሾፌሩ ነገር በዚህ በኩል እውነት ነው።

ከዚህም የባሰ ነገር አለ። ቋንቋችንን እናድምጥ። «ሸጡት»፣ «ገዙት»፣ «ለወጡት» እንላለን። የምናወራው ግን ስለ ሰው ነው። ከሸዋ ተነሥቶ የአዋሽን ሸለቆና የአፋርን ምድር አቋርጦ ወደ ታጁራ ወደብ ይወርድ በነበረው የጥንት የቅፍለት መንገድ ላይ በእርግጥም ሰው ይሸጥ ነበር። ከጨውና ከዝሆን ጥርስ ጋር የሰው ልጅ በሰንሰለት ሆኖ አልፎበታል። የባርያ ንግድንና ባርነትን ፈጽሞ የሚሽረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ የሩቅ ዘመን ታሪክ አይደለም። በዚህ ሸለቆ ተቀምጦ «ተሸጠ» የሚለውን ቃል ያለ ሐሳብ መናገር ሊከብደን ይገባል።

ይህን ነገር ጮክ ብለው ከተናገሩት ተጫዋቾች አንዱ የእግር ኳስ ሰው አልነበረም። በአሜሪካ ቤዝቦል ውስጥ ክለቦች ተጫዋቾቻቸውን ሳያማክሩ እርስ በርስ ይለዋወጡ ነበር፤ ውሉ ቢያልቅ እንኳ ተጫዋቹ ከባለቤቱ እጅ አይወጣም። ከርት ፍለድ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ በሴንት ሉዊስ ክለብ 12 ዓመት ከተጫወተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1969 ወደ ፊላደልፊያ ተለወጥክ ተባለ። አልሄድም አለ። እንደ ዕቃ የምገዛና የምሸጥ አይደለሁም ብሎ ለሊጉ ኃላፊ ጻፈ። ደመወዙ በዚያን ዘመን 90 ሺህ ዶላር ነበር፤ ይህን እያነሡ ለሚወቅሱት የመለሰው መልስ፣ ደመወዙ የበዛለት ባሪያም ያው ባሪያ ነው የሚል ነበር። ክሱ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1972 በ5 ለ3 ድምፅ ተሸነፈ። የስፖርት ሕይወቱም በዚያው ቀረ። የእርሱን ፍሬ የበሉት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነፃ የወጡት ሌሎች ተጫዋቾች ናቸው። በአውሮፓም ቤልጅጋዊው ዣን ማርክ ቦስማን በታኅሣሥ 1988 ዓ.ም. ባስፈረደው ፍርድ፣ ውሉን የጨረሰ ተጫዋች ያለ ዝውውር ክፍያ የመሄድ መብት አገኘ።

ልብ በሉ፤ ፍለድ የታገለው ለመሄድ አልነበረም፤ ለመቅረት ነበር። እኛ ደጋፊዎች «ቅር» የምንለውና ክለቡ «ሂድ» የሚለው ሰው፣ ሁለታችንም የረሳነውን አንድ ነገር ይዟል፤ ፈቃዱን። ሳይፈቅድ የተለወጠም ሳይፈቅድ የታሰረም እኩል ዕቃ ሆኗል።

እንግዲህ አንባቢ «ታዲያ ደጋፊው ምንም አይከፋው ልትለን ነው?» ይለኝ ይሆናል። አይደለም። የረዳቱ ነገርም እውነት ነው ብያለሁና።

ስለ ታማኝነት ሲነሣ የቅዱስ ጊዮርጊሱ ይድነቃቸው ተሰማ ይጠቀሳሉ። ክለቡ ከተመሠረተበት ከ1928 ዓ.ም. ዘመን ጀምሮ ከ20 ዓመት በላይ ለአንድ ማልያ ተጫውተዋል፤ በኋላም ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካን እግር ኳስ በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ክብር ይገባቸዋል። ነገር ግን የዛሬውን ወጣት በእርሳቸው ሚዛን ስንመዝን አንድ ነገር እንዘነጋለን። በዚያ ዘመን ኳስ እንጀራ አልነበረም። ፍቅሩ በአንድ ቅርጫት፣ እንጀራው በሌላ ነበርና ፍቅሩን መጠበቅ እንጀራውን አያስነጥቀውም። የዛሬው ተጫዋች ሁለቱም በአንድ ቅርጫት ናቸው። ጉልበቱ አሥር ዓመት ቢያገለግለው ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚዘፍንለት የለም።

ስለዚህ ከተጫዋች «ዘላለም ቅር» ብሎ መጠየቅ ፍትሕ አይደለም። የምንጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ እስካለህ ድረስ በሙሉ ልብህ ሁን፤ ስትሄድም አትዋሸን።

ይህን ከሩቅ መፈለግ አያሻንም። የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን 29 ጎሎች አግብቶ የፕሪሚየር ሊጉን የጎል ክብረ ወሰን ሰበረ። በ2014 ዓ.ም. የውድድሩ ዘመን ገና ሳይገባደድ የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ እንዳስፈረመው ተነገረ። ሰውየው ግን ጓዙን ጠቅልሎ በማግስቱ አልሄደም፤ ዘመኑ እስኪያልቅ ለቡና ተጫወተ። ሁሉም ነገር በአደባባይ ነበር፤ መሄዱ ታውቋል፣ መቼ እንደሚሄድም ታውቋል። የማውቃቸው የቡና ደጋፊዎች አዝነዋል፤ «ከሃዲ» ያለው ግን አልሰማሁም። ከሄደ በኋላ ጉዳት ሲፈራረቅበትም እንደ ልጃቸው ነበር የሚጨነቁለት። ኀዘንና ቁጣ የተለያዩ መሆናቸውን ያየሁት ያኔ ነው። ኀዘን የስጦታ ልጅ ነው፤ ቁጣ የብድር።

የአፋር ሕዝብ ለዚህ የሚሆን ትልቅ ትምህርት አለው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ እጅ ነሥተው ብቻ አይተላለፉም። ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን፣ ዝናብ የጣለበትን፣ ግጦሽ ያለበትን፣ ሰላም የሌለበትን በዝርዝር ይነጋገራሉ። ይህ ዳጉ ይባላል። የሰማ ሰው ለሚቀጥለው መንገደኛ የማድረስ ግዴታ አለበት፤ ያልሆነውን ሆነ ብሎ ያወራም ይጠየቅበታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አርብቶ አደር ኑሮው መሄድ ነው፤ ዛሬ እዚህ፣ ነገ ሌላ ግጦሽ ዘንድ ነው። መሄድ ነውር በሆነበት አገር ሊኖር አይችልም። ስለዚህ ነውሩን ያኖረው በመሄድ ላይ ሳይሆን በመዋሸት ላይ ነው። የሚንቀሳቀስ ሕዝብ እርስ በርሱ የሚተማመነው በቃል ነው።

ወጣቱ መምህር «ማልያ ስሜ አላውቅም» ሲለኝ የነካው ይህን ነው። ዓርማ መሳም ቃል መስጠት ነው። ለመሄድ ወስኖ በደረቱ ላይ ያለውን ዓርማ የሚስም ተጫዋች የሐሰት ዳጉ አወራ። እዚያ ላይ ደጋፊው ቢቆጣ እውነት አለው፤ የተወሰደበት ተጫዋቹ ሳይሆን እምነቱ ነውና። መምህሩም ቢሆን ቃል አልሰጠሁም ብሎ ጨርሶ ነፃ አይወጣም። ማልያ ባይስምም በየማለዳው ሰሌዳው ፊት መቆሙ ራሱ ለልጆቹ የተነገረ ቃል ነው። መሄድ መብቱ ነው፤ የጀመረውን ምዕራፍ መጨረስና ልጆቹን ተሰናብቶ መሄድ ደግሞ ዕዳው ነው። ይህንኑ ነግሬዋለሁ፤ «ይሄስ አያከራክርም» አለኝ።

ይህን ሁሉ የማነሣው ለኳስ ብዬ ብቻ አይደለም። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በአንዳንድ ከተሞች በተነሣ ረብሻ ጨዋታዎች ሲቋረጡ፣ ቡድኖችም በሜዳቸው መጫወት ሲያቅታቸው አይተናል። ክለብ የትውልድ ሐረግ ሆኖ ሲቆጠር፣ ማልያ የለወጠ ልጅ ደሙን እንደ ለወጠ ይታያል፤ ስድቡም ከእግሩ አልፎ ወደ እናቱና ወደ ዘሩ ይወጣል። «ከሃዲ» የሚለው ቃል በየሜዳው ሲለመድ ከሜዳ ይወጣል። ተዘዋውሮ የሚሠራውን፣ ከሌላ ቦታ መጥቶ ከእኛ ጋር የሚኖረውን፣ ከእኛ ወጥቶ ሌላ ቦታ የሄደውን ሁሉ የምንለካበት መለኪያ ይሆናል። በዚህ አገር ደግሞ ከመካከላችን ያልተዘዋወረ፣ ወይም አባቱ ያልተዘዋወረ ሰው ማን ነው?

ሳንቼዝ ማንቸስተር ሄዶ አልቀናውም። በ45 ጨዋታዎች 5 ጎሎች ብቻ አገባ። ሚኪታሪያንም በለንደን እምብዛም አልቆየም፤ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ ሮማ አቀና። ሰደብነውም አወደስነውም፣ ሁለቱም እንጀራቸውን ተከትለው ሄዱ። ክለቦቹ ቀሩ፤ ደጋፊውም ቀረ። ምናልባት ታማኝነት የምንለው ነገር ከመጀመሪያውም የደጋፊው ድርሻ ኖሯል። ከሆነ፣ የራሳችንን ድርሻ ለሌላ ሰው አሸክመን «ለምን ጣልከው?» ብሎ መቆጣት አይገባንም። የሚቀረው ይቅር፤ የሚሄደው በደኅና ይሂድ፤ እውነቱን ተናግሮ የሄደውን ግን በመንገድ ላይ ስናገኘው ሰላም እንበለው።