ርቆ ስለ ማየት

በዕለተ ሐሙስ የተፈጠሩትን የባሕር እንስሳት አይቶ ፈጣሪን ማመስገን መልካም ነው፤ ነገር ግን ማየትም ልክና ሥርዓት ያስፈልገዋል።

በግብፅ አገር፥ በማርሳ ዓለም ከተማ አቅራቢያ፥ በቀይ ባሕር ውስጥ ሳማዳይ የሚባል በፈረስ ኮቴ አምሳል የሆነ የኮራል ዐለት አለ። በአየር ላይ እየተሽከረከሩ የሚዘሉት ዶልፊኖች ሌሊቱን በጥልቁ ባሕር ሲያድኑ ያድሩና፥ ቀን በዚህ ዐለት ከለላ ከነግልገሎቻቸው ያርፋሉ። ሊያይዋቸው የሚመጡ ሰዎች እየበዙ በሄዱ ጊዜ ግን ዕረፍታቸው ታወከ። ስለዚህ በ1996 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2004) የውስጠኛው ክፍል ለእንስሳቱ ብቻ ተለየ፤ ዋናተኞችም ከወሰኑ ውጭ ሆነው እንዲመለከቱ፥ ጀልባዎችም በተመደበላቸው ስፍራ እንዲቆሙ ተደነገገ።

«በእጄ ሳልነካው ምን በደልሁት?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ሰው ቀን በተኛበት፥ መንገደኛ ሁሉ «እስቲ ልየው» እያለ በሩን ቢከፍትበት፥ ማንም ሳይመታው ኃይሉ ያልቃል። እያንዳንዱ ጎብኚ «እኔ አንድ ነኝ» ይላል፤ ድካሙ ግን በእንስሳው ላይ ይከማቻል። ሕገ ኦሪት ዕረፍትን ለበሬና ለአህያ ጭምር ማዘዙን እናስታውስ። ባለጀልባውም «እንጀራዬ ነው» ቢል እውነቱን ነው፤ ዳሩ ግን እንስሳቱ ስፍራውን ትተው ቢሰደዱ እንጀራውም አብሮ ይሰደዳል።

እንግዲህ ወደ ባሕር የሚወርድ ክርስቲያን እንዳያሳድዳቸው፥ መንገዳቸውን እንዳይዘጋ፥ እናትን ከልጇ እንዳይለይ ይጠንቀቅ፤ የሚያሳድድ ጀልባ ቢያጋጥመውም «ተመለስ» ለማለት አይፈር። ርቀን እያየን እናመስግን ዘንድ እግዚአብሔር ማስተዋልን ያድለን።