ወልድ ፍጡር ቢሆን ኖሮ
መጽሐፍ ቅዱስ በእጁ ይዞ «ኢየሱስ ታላቅ ነው፤ ነገር ግን አምላክ አይደለም» የሚል ጎረቤት ሲገጥመን ምን እንመልሳለን? ጥያቄው አዲስ አይደለም። የእስክንድርያው ካህን አርዮስ ወልድ ፍጡር ነው ብሎ በማስተማሩ፣ በ325 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በኒቅያ የተሰበሰቡት አበው ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ መሆኑን መሰከሩ። ለአባ ሰላማ ጵጵስናን የሰጠው ቅዱስ አትናቴዎስም ይህን እምነት በመጠበቁ አምስት ጊዜ ተሰደደ።

ክርክሩ የቃላት ብቻ አልነበረም። ወልድ ፍጡር ቢሆን ኖሮ፣ በመስቀል ላይ ራሱን የሰጠን እግዚአብሔር ሳይሆን የላከው ሌላ በሆነ ነበር፤ ፍጡርም ፍጡርን የመለኮታዊ ሕይወት ተካፋይ ሊያደርገው አይችልም።

እንግዲህ ውድ ምእመናን፣ ለጎረቤታችን በትሕትና እንመልስ፤ አምላክ ራሱን ዝቅ አድርጎ ወደ እኛ እንደ መጣ የምንመሰክር፣ ይህንኑ በትዕቢት ልንናገር አይገባንምና።