ልጅ መያዣ ይሆናልን?

በሀገራችን መያዣ የታወቀ ነገር ነው። ገንዘብ የተበደረ ሰው በሬውን፣ መሬቱን ወይም ወርቁን ያሲዛል፤ ዕዳውን ሲከፍል ንብረቱን ይረከባል። ልጁን የሚያሲዝ አባት ቢገኝ ግን አበዳሪውም ተበዳሪውም ከሰው አይቆጠሩም። ለምን ቢሉ፣ በሬ ንብረት ነው፤ ልጅ ሰው ነው። ይህን የሚክድ የለም። ታዲያ መንግሥት ድንበሩን ለማስከበር ሲል የስደተኛን ልጅ መያዣ ቢያደርግስ ምን እንላለን?

ነገሩ በሐሳብ የተፈጠረ አይደለም፤ በአሜሪካ የተፈጸመ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በማርች 2017 የሀገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስትሩ ጆን ኬሊ በቴሌቪዥን ቀርበው፣ በሜክሲኮ ድንበር የሚገቡ ልጆችን ከወላጆቻቸው መለየት እየታሰበበት መሆኑን ተናገሩ፤ ዓላማውም ሌሎች ፈርተው እንዳይመጡ ነበር። በኤፕሪል 2018 ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ ጄፍ ሴሽንስ «ምንም ትዕግሥት የለም» የተባለውን ፖሊሲ አወጁ። ያለ ፈቃድ ድንበር ያቋረጠ ሁሉ ይከሰስ ተባለ። ወላጅ ወደ እስር ቤት፣ ልጅ ወደ መጠለያ ሄደ። በእነዚያ ዓመታት ከ4,000 በላይ ልጆች ከወላጆቻቸው ተለያዩ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ድንበር ማቋረጥ በዚያ ሀገር ሕግ ከ6 ወር በላይ የማያሳስር ቀላል ጥፋት ነው። ብዙ ወላጆች ፍርዳቸውን በጥቂት ቀን ጨርሰው ሲመለሱ ልጆቻቸውን አጡ። የማን ልጅ የት እንደተላከ አሰባስቦ የሚያሳይ መዝገብ መሥሪያ ቤቶቹ አልነበራቸውም። በሬ የያዘ አበዳሪ እንኳ በሬው የማን እንደሆነ ያውቃል እኮ! ሕፃን ደግሞ ስለ ፖሊሲ ምን ያውቃል? የሚያውቀው እናቱ ሄዳ እንደቀረች ብቻ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እንዲህ ያለው መለያየት የልጁን አካልና የአእምሮ እድገት እንደሚጎዳ አስጠንቅቆ ነበር። አንዳንድ ሕፃናት ሲመለሱ እናታቸውን ለይተው እንዳላወቁ በጊዜው ተዘግቧል።

እዚህ ላይ በዶርም ክርክር አንድ ጓደኛዬ ያነሣው ተቃውሞ አለ፤ ዘልዬው ማለፍ አልፈልግም። «የሌባ ልጅም እኮ አባቱ ሲታሰር ይለያል። ታዲያ ሌባ አይታሰር ልትል ነው?» አለ። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ነገር ግን ሁለቱን አንድ በአንድ እንመርምራቸው። የሌባው ልጅ ኀዘን ቅጣቱን ተከትሎ የመጣ ነው፤ ልጅ የሌለው ሌባም ይታሰራል፤ የልጁ ለቅሶ ቢቀር ዳኛው ምንም አይጎድልበትም። በድንበሩ ፖሊሲ ግን መሣሪያው ለቅሶው ራሱ ነው። ልጁ ባያለቅስ፣ እናቲቱም ባትሰቃይ፣ ሌላው ስደተኛ በምን ይፈራል? እንግዲህ መመዘኛችን ይህ ይሁን፤ የልጁን መከራ ከሕጉ ብናወጣው ሕጉ ይቆማል ወይስ ይወድቃል? የሚወድቅ ከሆነ ልጁን መያዣ አድርጎታል ማለት ነው። ፈላስፋው ካንት ሰው የሌላ ሰው ዓላማ መሣሪያ ብቻ መሆን የለበትም ያለው እንዲህ ያለውን ነው።

መንግሥት ድንበር አይኑረው አላልኩም። ማን እንደሚገባና ማን እንደሚመለስ የመወሰን ሥልጣን አለው። ክርክሬ ሥልጣኑ ላይ ሳይሆን በማን ጀርባ ላይ እንደሚወርድ ነው። ከጓቴማላና ከሆንዱራስ ሰውን የሚያሰድደው የወንበዴዎች ግፍና ድህነት ነው። ያንን ትቶ ሕፃንን መምታት «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ይህ የሕልመኛ ሐሳብ ነው የሚል ካለ የዚያችኑ ሀገር መዝገብ ይግለጥ። በ1975 የቴክሳስ ግዛት፣ ያለ ፈቃድ ለገቡ ልጆች ትምህርት የመንግሥት ገንዘብ እንዳይወጣ፣ ትምህርት ቤቶችም እንዳይቀበሏቸው የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982፣ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ ሕጉን ሻረው። ከምክንያቶቹ አንዱ አጭር ነው፤ ልጅ የወላጁን መንገድ መምረጥ ስለማይችል በወላጁ ሥራ መቀጣት የለበትም።

የ2018ቱንም ነገር ፍርድ ቤት የወሰደችው አንዲት የኮንጎ እናት ናት። ድንበር ሰብራ አልገባችም፤ በሕጋዊው በር ቀርባ ጥገኝነት ጠይቃለች። እሷ በሳን ዲዬጎ ስትታሰር የ6 ዓመት ልጇ ቺካጎ ተላከች። ጓደኛዬ «ሌባ» ያለው እዚህ ላይ ማን ነው? ዳኛው ዳና ሳብሮ በጁን 26 ቀን 2018 ከ5 ዓመት በታች ያሉት በ14 ቀን፣ ሌሎቹ በ30 ቀን ውስጥ ከወላጆቻቸው እንዲገናኙ አዘዙ።

በ2023 ክሱ በስምምነት ሲቋጭ፣ እንዲህ ያለው መለያየት ለ8 ዓመት ተከለከለ። ለ8 ዓመት! ልጅን መያዣ አለማድረግ የጊዜ ገደብ የሚቆረጥለት ነገር ነውን? ስምምነት ያልቃል፤ መንግሥትም ይለወጣል። ሕጉ ዝም ባለ ቀን የሚቀረው የሰው ኅሊና ነው።

ወገኖቼ፣ ከመካከላችን ነገ ዳኛ የሚሆን፣ ፖሊሲ የሚያረቅ፣ ድንበር ላይ ማኅተም ይዞ የሚቀመጥ አለ። በጋምቤላና በጅግጅጋ አካባቢ የእኛም ሀገር የሰው ልጆችን አስጠልላ ይዛለች። «ወላጁን ለማስፈራራት ልጁን ያዝ» የሚል ወረቀት ጠረጴዛችን ላይ የሚመጣበት ቀን አይኖርም ብሎ የሚምል ማን ነው? ያን ቀን እምቢ ለማለት መልሱን ከዛሬ ጀምሮ ማሰብ ይገባናል።