ነገር ጫሪው ለምን ንስሐ አይገባም?

መገናኛ፣ የሥራ መውጫ ሰዓት። ሚኒባሱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። አንድ ተሳፋሪ መልሱን ይጠይቃል። ረዳቱ ሰምቷል፤ ግን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ «ኮተቤ! ኮተቤ!» እያለ ይጣራል። ሰውየው ይደግማል። «ለአምስት ብር ነው እንዲህ የምትሆነው?» ይለዋል ረዳቱ፣ ቀስ ብሎ፣ ፈገግ እያለ። በሦስተኛው ሰውየው ይጮኻል። ያኔ የታክሲው ዐይን ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል፤ «ምን ዓይነት ቁጡ ነው!» ይባላል። ረዳቱማ አልጮኸም፣ አልተሳደበም።

የካ ሚካኤልም ይሁን እንጦጦ ማርያም፣ ንስሐ አባቱ ፊት ቀርቦ «ተናድጄ ክፉ ቃል ተናገርሁ» የሚል ምእመን አይጠፋም። «አውቄ ሰው አናደድሁ» የሚለው ግን ከየት ይገኛል? ቁጣ ድምፅ ስላለው ምስክር አያጣም። ትንኮሳ በአሽሙር፣ በዝምታ፣ ሰውን እንዳላዩ በማለፍ ይሠራል፤ ሠሪውም እጁን ታጥቦ ወደ ቤቱ ይገባል።

ቅዱስ ጳውሎስ ግን ጣቱን የቀሰረው በአስቆጪው ላይ ነው። ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 6 አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ ያዛል፤ በቈላስይስ ምዕራፍ 3 ደግሞ ምክንያቱን ይነግራል፦ ልጆቹ ልባቸው እንዳይዝል። ልጁ የፈተና ውጤቱን ይዞ ሲመጣ እንግዳ ፊት «የጎረቤታችን ልጅ ስንት አመጣ?» የሚል አባት፣ ልጁ ተነሥቶ በሩን ሲያላትመው «አያችሁ ትዕቢቱን!» ይላል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ያ ልጅ በር ማላተሙንም ይተወዋል፤ ውጤቱንም አያሳይም። አባትየው ልጁ ጨዋ የሆነለት ይመስለዋል።

ሕጉም ቢሆን ነገር ጫሪውን አልረሳውም። በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 540 ተራ የሰው ግድያን ከ5 እስከ 20 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ በአንቀጽ 541 ግን ገዳዩ ከባድ የማስቆጣት ድርጊት ተፈጽሞበት ከሆነ ቅጣቱ ከ5 ዓመት ወደማይበልጥ ቀላል እስራት ይወርዳል። ገዳዩ ነፃ አይወጣም፤ ዳኛው ግን ከጩቤው በፊት ምን እንደተባለ ይጠይቃል።

የእንጦጦ ተራራ ከዚህ የከበደ ትንኮሳም ያውቃል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17፣ ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መጻጻፋቸው በአማርኛው ፈቃድ፣ በጣሊያንኛው ግዴታ ነበር። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ሲነግሡ ለአውሮፓ ነገሥታት ደብዳቤ ጻፉ፤ ከእንግሊዝ የመጣው መልስ በጣሊያን በኩል ካልሆነ የሚል ሆነ። ነገሩን ሊያለዝብ የመጣው የጣሊያን መልእክተኛ አንቶኔሊ፣ መንግሥቱ ለዓለም ካስታወቀው ነገር ቢመለስ ክብሩ እንደሚነካ ተናገረ። እቴጌ ጣይቱም እኛም የራሳችንን አስታውቀናል፣ ክብርም አለን ብለው መለሱለት። በየካቲት 1883 በቁጣ ነዶ አገሩን ለቆ የሄደው ማን ነበር? አንቶኔሊ። ተንኳሹ!

የተተነኮሱት ንጉሥ አልቸኮሉም። ውሉን በ1885 አፈረሱ፤ የክተት ዐዋጁ የታወጀው በመስከረም 1888 ነው። በመካከሉ መሣሪያ ይሰበሰብ፣ ደብዳቤ ይጻፍ ነበር። ቁጣ አልነበረም ማለት የዋህነት ነው፤ ጊዜውን የመረጡት ግን እሳቸው እንጂ ያስቆጣቸው ወገን አይደለም።

«ቀልዴን እኮ ነው» የነገር ጫሪ ሁሉ መሸሸጊያ ናት። አባቶች ለእንዲህ ያለው ቀልድ ቀን ቆርጠውለት ነበር፦ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል። በዚያ ቀን ከእንጦጦ ግርጌ በጃን ሜዳ ሎሌው ጌታውን ቢያሽሟጥጥ ነውር አልነበረበትም። ሜዳው የታወቀ ነው፤ ዱላ የያዙትም ሁለቱም ወገኖች ናቸው፤ የተሸነፈውም ከርሞ ተራው ይደርሰዋል። ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል ተሸክማ ጎንበስ ብላ ቁልቁል የምትወርደው እናት ላይ ከኋላ ድንገት ጡሩምባ የሚያምባርቅባት ሹፌር ግን የትኛውን ጨዋታ እየተጫወተ ነው? ቀና ብላ እንዳትመልስለት ሸክሙ ይዟታል፤ እሱ ጎኑ የተቀመጠውን ጓደኛውን አሳቆ ያልፋል። ብትረግመው ደግሞ ለንስሐ አባቷ የምትናዘዘው እሷ ናት።