የአብርሃም ጥድፊያና የማክሰኞ ራት

በግማሽ ሰዓት ተሠርቶ የቀረበ ራት የማዕድ ክብር አለው ወይ? ጥያቄው የሚነሣው በሥራ ቀን ማታ ነው። ወላጆች ከሥራ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ገብተዋል፤ ሁሉም ርቦታል፤ መንገድ ዳር ያለው ፋስት ፉድ ቤት ደግሞ ሰውን ከመኪናው ሳያወርድ ያስተናግዳል። በአሜሪካ ብዙ ቤተሰቦች ያገኙት መላ የዚያኑ ቤት ምግብ በራሳቸው ምድጃ መሥራት ነው። ከእነዚህ አንዱ ታኮ ቤል እ.ኤ.አ. በ2005 ለገበያ ያወጣው ክራንችራፕ ነው፤ ሰፊ የስንዴ ቶርቲያ ተዘርግቶ በላዩ በቅመም የታሸ የተፈጨ የበሬ ሥጋ፣ የቀለጠ ቺዝ፣ ደርቆ የተጠበሰ የበቆሎ ቂጣ፣ ሳወር ክሪም፣ ሰላጣና ቲማቲም ይደረደርበታል፤ ጠርዙ ወደ መሀል እየታጠፈ ስድስት ማዕዘን ይሆንና እጥፉ በጋለ መጥበሻ ላይ ተደፍቶ ይጠበሳል። ለአራት ሰው ግማሽ ኪሎ ያህል ሥጋ ይበቃል። እንዲህ ያለውን ራት እንደ ሽንፈት የሚያዩ ብዙዎች ናቸው፤ ጊዜ ያልተሰጠው ምግብ ፍቅርም አልተሰጠውም ይላሉ። ሐሳቡ ከልብ የመነጨ ነውና በቁም ነገር ሊመረመር ይገባዋል። እኔ ግን የማዕድ ክብር በምድጃው ላይ ባለፈው ሰዓት አይለካም ባይ ነኝ። መጠየቅ ያለበት ጥድፊያው ለማን እንደ ተደረገ፣ የት ላይስ እንደ ቆመ ነው።

ለዚህ የመጀመሪያው ምስክሬ አይሁዱም ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የእንግዳ ተቀባዮች አባት አድርጎ የሚያከብረው አብርሃም ነው። የዘፍጥረት ምዕራፍ 18 ታሪክ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ተሥሎ ስለምናየው ጠንቅቀን የምናውቀው ይመስለናል። ሥዕሉ የሚያሳየን ግን እንግዶቹ ተቀምጠው ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረውን ሩጫ አናይበትም። ታሪኩን ላነበበው ሩጫ የበዛበት ነው። አብርሃም እንግዶቹን ሊቀበል ሮጠ፤ ወደ ድንኳኑ ፈጥኖ ገብቶ ሣራን ሦስት መስፈሪያ ዱቄት ቶሎ ለውሳ እንጎቻ እንድታደርግ ነገራት፤ ወደ ላሞቹ ሮጦ ጥጃ መረጠ፤ ጥጃውን የተቀበለው ብላቴናም ሊያዘጋጀው ተጣደፈ። ሊጡ እስኪቦካ የጠበቀ ያለ አይመስልም። የቀረበው እንጎቻ፣ የጥጃ ሥጋ፣ ቅቤና ወተት ነው፤ በቂጣ፣ በበሬ ሥጋና በቺዝ ከሚሠራው የሥራ ቀን ራት እጅግም አይርቅም። ቁርኣንም በሁድ ምዕራፍ አንቀጽ 69 ኢብራሂም የተጠበሰ ጥጃ ለማምጣት እንዳልዘገየ ይነግረናል፤ በአዝ-ዛሪያት ምዕራፍ ደግሞ ለእንግዶቹ ሳይነግር ወደ ቤተሰቡ ዘወር እንዳለ ይጠቅሳል፤ የቁርኣን ተንታኞች (ሙፈሲሮች) እንግዳው እንዳይሳቀቅ ያደረገው ጨዋነት ነው ብለው ያወሱለታል። በሁለቱም መጻሕፍት መፍጠን የአክብሮት ምልክት ሆኖ ቆሟል፤ የራበውን ሰው ማስጠበቅ ማንም አላወደሰም።

ነገር ግን ጥድፊያው የት ላይ እንደሚያበቃ ልብ እንበል። በኦሪቱ ታሪክ ምግቡ ከቀረበ በኋላ የሚሮጥ የለም። እንግዶቹ ሲበሉ አብርሃም ከዛፉ ሥር አጠገባቸው ቆሟል፤ ስለ ሣራ የተጠየቀውም፣ የይስሐቅ መወለድ የተነገረውም በዚያ እርጋታ ውስጥ ነው። አብርሃም የተጣደፈው ያ ጸጥ ያለ ጊዜ እንዲገኝ ነው ብዬ አነበዋለሁ። እዚህ ላይ ኦሪትን የሚያውቅ አንባቢ ይቃወመኝ ይሆናል፤ በዘጸአት ምዕራፍ 12 እስራኤል የፋሲካውን በግ ወገባቸውን ታጥቀው፣ ጫማቸውን አጥልቀው፣ እየቸኮሉ እንዲበሉ ታዘዋልና፤ መብሉም ራሱ በችኮላ ተቀድሷል። እውነት ነው። ያ ግን ከባርነት የሚወጣበት አንድ ሌሊት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አይሁድ ያን ችኮላ የሚያስቡት ረጅም ማታ ተቀምጠው፣ እየጠየቁና እየተረኩ ነው። ሊቁ ሂሌል የፋሲካውን ሥጋና መራራውን ቅጠል ከቂጣው ጋር አንድ ላይ አድርጎ ይበላ እንደ ነበር ትውፊታቸው ይናገራል፤ እስከ ዛሬም በዚያ ሌሊት ይህን ሥርዓት ለማሰብ መራራውን በቂጣ ይበላሉ። ለመቡካት ጊዜ ያጣው ሊጥ የዓመቱ እጅግ የረጋ ማዕድ ሆነ።

የፋስት ፉድ ጥድፊያ ከዚህ የሚለየው የማያቆም በመሆኑ ነው። ወንድማማቾቹ ሪቻርድና ሞሪስ ማክዶናልድ እ.ኤ.አ. በ1948 በካሊፎርኒያ፣ ሳን በርናርዲኖ ያለውን ምግብ ቤታቸውን ለወራት ዘግተው እንደ አዲስ ሲያደራጁት የምግብ ዝርዝሩን አሳጠሩ፤ ሳህንና ሹካ አስወገዱ፤ መኪና ድረስ የሚያደርሱትን አስተናጋጆች አሰናበቱ። የወጥ ቤቱን አቀማመጥ በቴኒስ ሜዳ ላይ በጠመኔ ሥለው ሠራተኞቻቸው እጃቸው የሚሄድበትን እንዲለማመዱ አደረጉ። ሃምበርገሩም በ15 ሳንቲም ተሸጠ፤ ቤተሰቡን ወደ ምግብ ቤት ወስዶ የማያውቅ ሠራተኛ ልጆቹን ማብላት ቻለ፤ ይህን መልካም ነገር መካድ አይገባም። ሆኖም በዚህ አሠራር የበላተኛው ቶሎ መነሣት የትርፉ አካል ነው። ጥድፊያው ከምድጃው አልፎ ወደ ወንበሩ፣ ከወንበሩ ወደ መኪናው ተሻገረ። ክራንችራፕም ያን ስድስት ማዕዘን እጥፋት ያገኘው ለውበት ብቻ አይደለም፤ ውስጡ ሳይፈስ በአንድ እጅ ተይዞ፣ ያለ ሳህንና ያለ ጠረጴዛ እንዲበላ ይመቻል። ቤት ውስጥ ሲሠራ የሚሆነው ነገር ለእኔ የጉዳዩ እምብርት ነው፤ ጠረጴዛን ለማምለጥ የታጠፈ ምግብ ተመልሶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ ሰዎችም ዙሪያውን ይቀመጣሉ። ፍጥነቱ ያው ነው፤ ያተረፈውን ሃያ ደቂቃ የሚወስደው ግን ቀጣዩ ደንበኛ መሆኑ ቀርቶ የሒሳብ የቤት ሥራውን ለመጠየቅ የፈለገው ልጅ ይሆናል።

ፍጥነት ወሰን እንዳለው የሚያስተምር መራራ ታሪክም አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 በዋሽንግተንና በሌሎች የምዕራብ አሜሪካ ግዛቶች፣ በጃክ ኢን ዘ ቦክስ ምግብ ቤቶች በደንብ ባልበሰለ ሃምበርገር ምክንያት ከ700 በላይ ሰዎች በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ታመሙ፤ አራት ልጆችም ሞቱ። ሥጋ ሲፈጭ በላዩ ላይ ያለው ባክቴሪያ ከውስጡ ጋር ስለሚቀላቀል ውጪውን ብቻ መጥበስ አያድንም፤ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የተፈጨ ሥጋ ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲደርስ የሚመክረው ስለዚህ ነው። ያው መፍጫ ነው ራቱን የሚያፈጥነው፤ ከቅልጥም አካባቢ የተቆረጠ ጠንካራ ሥጋ ጅማቱ እስኪለሰልስ ሰዓታት ይፈልጋል፤ የተፈጨው ግን ጅማቱ አስቀድሞ ስለ ተቆራረጠ በአሥር ደቂቃ ያህል ይደርሳል። በመጥበሻ በትኖ፣ ቡናማ እስኪሆን አማስሎ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ከሙን፣ በርበሬና ትንሽ የቲማቲም ድልህ ጨምሮ ማብሰል ሊዘለል የሚችል ነገር የለበትም። ለሚበላው ሰው የሚጣደፍ ሰው በሽታ እንዳይገባ የሚጠብቀውን ደቂቃ አይሰርቅም። ጥድፊያው ለገንዘብ ሲሆን ግን መጀመሪያ የሚቆረጠው ያ ደቂቃ ሊሆን እንደሚችል ያ ዘመን አሳይቷል።

ጠንካራው ተቃውሞ የሚመጣው ከጣሊያን ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በሮም ስፓኒሽ ስቴፕስ አጠገብ ማክዶናልድስ ሲከፈት የተነሣው ተቃውሞ በካርሎ ፔትሪኒ መሪነት ስሎው ፉድ የተባለውን እንቅስቃሴ ወለደ፤ በ1989ም በፓሪስ መግለጫቸውን አወጡ፤ ምልክታቸውም ቀንድ አውጣ ነው። ለእነርሱ በሽታው ፍጥነቱ ራሱ ነው። ጠቢቡ አልበርት ቦርግማን ደግሞ በ1984 ባሳተመው መጽሐፉ ነገሩን በጥልቀት አየው፤ ዘመናዊ መሣሪያ ውጤቱን በእጃችን ያኖራል፣ የተሠራበትን ድካም ግን ከዓይናችን ይሰውራል፤ ማዕድ ግን ዓለምን የሚሰበስብ ሥራ ስለሆነ ድካሙ አብሮ ሊታይ ይገባል ይላል። ቦርግማን ትክክል ይመስለኛል፤ ቶርቲያውን ፋብሪካ ጋግሮታል፤ ሥጋውን ስማቸውን የማናውቅ ሠራተኞች በብርድ ክፍል ውስጥ ቆመው ቆራርጠውታል፤ በ2020 ወረርሽኝ ጊዜ በአሜሪካ የሥጋ ፋብሪካዎች ስንት ሠራተኛ ታምሞ እንደ ነበር ስናስታውስ የእኛ ሠላሳ ደቂቃ በእነርሱ ሰዓት ላይ እንደ ቆመ ይገባናል። ይህ ግን ቤት ውስጥ ማብሰልን አያስነቅፍም። በመስኮት በወረቀት ተጠቅልሎ ከሚሰጠው ይልቅ ጥሬውን ሥጋ የነካ፣ የሽታውን መለወጥ ያየ፣ ቂጣው እንዳይቀደድ አሙቆ ያጠፈ ሰው ለተሰወረው ድካም ቅርብ ነው። ስሎው ፉዶችም የሚወዱትን ነገር በትክክል አውቀዋል፤ የወቀሱት ግን የተሳሳተውን ይመስለኛል። ሰዓታት የፈጀ ወጥ ቴሌቪዥን እየታየ፣ አንዱ ሌላውን ሳያይ ሊበላ ይችላል።

ከዚህ የሚከብደው የዝግታ ዋጋ በማን ትከሻ ላይ እንደ ነበር የሚያነሣው ጥያቄ ነው። አብርሃም ቶሎ በይ ያለው ሣራን ነው፤ ሦስት መስፈሪያ ዱቄት በዛሬ ልክ ከ20 ሊትር ያላነሰ ነው፤ የሚለውሰውም አንድ ሰው ነው። እርግጥ አብርሃም ራሱም ሮጧል፣ ራሱም አቅርቧል፤ ሣራ ግን ማዕዱ ላይ አልነበረችም፤ ከድንኳኑ ደጃፍ ሆና ነው የሰማችው። በእኛም ቤት ዶሮ ወጥ ሽንኩርቱ እስኪበስል ሲቁላላ፣ ሊጡ ሁለትና ሦስት ቀን ሲቦካ፣ ያን ሁሉ ጊዜ የሰጠች አንዲት ሴት ናት፤ እኛ ጣዕሙን ስናወድስ የእርሷን ቀን ረስተናል። በወር አንዴ ወይም በበዓል ያ ድካም ደስታም ክብርም ነው፤ በየማታው ግን ከሥራ ደክማ ከምትገባ ሴት ያንኑ መጠየቅ ጭካኔ ነው። የጥቅሉ ራት አንዱ በጎነቱ ሥራው መከፋፈል መቻሉ ነው፤ አንዱ ሥጋውን ያማስላል፣ አንዱ ሰላጣ ይከትፋል፣ ልጅ የራሱን ያጥፋል። ማንም ደጃፍ ላይ አይቀርም።

ሌሎች ደግሞ የኩባንያን ጣዕም ቤት ማስገባት ለኩባንያው መገዛት ነው ይላሉ። የጣዕሙን ታሪክ ማየት ግን ይህን ያለዝበዋል። የታኮ ቤል መሥራች ግሌን ቤል በሳን በርናርዲኖ የሃምበርገር መሸጫ ሳለው፣ ፊት ለፊቱ እ.ኤ.አ. በ1937 የተከፈተ ሚትላ ካፌ የተባለ የሜክሲኮ ቤተሰብ ምግብ ቤት ነበር፤ ታኮ መሥራትን የተማረው ከዚያ ነው፤ በ1962ም የመጀመሪያውን ታኮ ቤል ከፈተ። ጣዕሙ የተወሰደው ከቤተሰብ ወጥ ቤት ነው፤ የስንዴውም ቶርቲያ የሰሜን ሜክሲኮ ሰዎች እንጀራ ነው። ከዚህ ላይ በርበሬውን የአገሯ፣ ቅቤውን የአገሯ የምታደርግ በውጭ ያለች ኢትዮጵያዊት እናት ለማንም አልተገዛችም፤ ጨውንም በራሷ እጅ ትለካለች። ኦርቶዶክስ ቤትማ ረቡዕና ዓርብ ሥጋውን በምስር ይለውጠዋል፤ ኩባንያው የማያውቀው ሥርዓት ራቱን ይገዛዋል ማለት ነው።

ለአንድ ተቃውሞ ግን ሙሉ መልስ የለኝም። አባት ማታ፣ እናት ንጋት በፈረቃ በሚሠሩበት ቤት ፈጥኖ ማብሰል የሚያተርፈውን ጊዜ አብሮ የሚቀመጥበት ሰው የለም። ሥጋውን ለብቻ፣ ሰላጣውን ለብቻ ማስቀመጥና ዘግይቶ ለሚገባው ያን ጊዜ ማጠፍ ይቻላል፤ ቂጣው አይርስም፤ ማዕዱ ግን ተከፍሏል። እዚህ ላይ ክርክሬ ከወጥ ቤት መውጣት አለበት። ሠላሳ ደቂቃ ብቻ የቀረችው ቀኑን ሌላ ሰው ስለ ቆረጠው ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት የሲያትል ከተማ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ፋስት ፉድን ጨምሮ ታላላቅ የምግብና የችርቻሮ ድርጅቶች የሠራተኛውን የሥራ ሰዓት ከ14 ቀን በፊት እንዲያሳውቁ በሕግ አስገድዳለች፤ ማታ የዘጋውን ሠራተኛ ያለ ፈቃዱ አሥር ሰዓት ሳያርፍ ጠዋት እንዲከፍት ማድረግንም ከልክላለች። ለቤተሰብ ማዕድ የሚቆረቆር ሁሉ፣ ቄሱም ኢማሙም ጭምር፣ ስለ ምግብ አሠራር ከሚመክረው በላይ እንዲህ ያለ ሕግ በሌሎች ከተሞችም እንዲወጣ ድምፁን ቢያሰማ በእኔ እምነት ለአብርሃም ልማድ የቀረበ ሥራ ይሠራል።