ሕፃን በደለኛ ሆኖ ይወለዳልን?

ክፉና ደጉን ያልለየ፣ አፉን ያልፈታ ሕፃን በምን ይከሰሳል? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ይሁን እንጂ በክርስትና ትምህርት ውስጥ ከ1,600 ዓመታት በላይ ሊቃውንትን ሲያከራክር ኖሯል። ክርክሩም የሊቃውንት ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ከጉባኤ አዳራሽ ወጥቶ እስከ መቃብር ስፍራ ዘልቋል። ስለዚህ ነገሩን መመርመር የሃይማኖት መምህራን ብቻ ሳይሆን፣ ስለ ፍትሕና ስለ ሰው ልጅ ክብር የሚያስብ ሁሉ ተግባር ነው።

ለክርክሩ ጎልቶ የሚታይ መልክ የሰጠው፣ ዛሬ አልጄሪያ በምትባለው አገር እ.ኤ.አ. በ354 ተወልዶ በ430 ያረፈው የሂፖው ጳጳስ አውግስጢኖስ ነው። «ኑዛዜ» በተሰኘው መጽሐፉ፣ መናገር ያልጀመረ አንድ ሕፃን ሌላው ጡት ሲጠባ በቅናት ገርጥቶ ሲመለከት ማየቱን ይተርካል። ሕፃን ንጹሕ የሚመስለውም አቅም ስለሌለው እንጂ ክፋት ስለሌለበት አይደለም ወደሚል መደምደሚያ ይደርሳል። ኋላም ትምህርቱን አጠንክሮ፣ የሰው ዘር በሙሉ በአዳም ውስጥ ሆኖ ስለ በደለ፣ የሚወለድ ሁሉ የአዳምን ድካም ብቻ ሳይሆን ጥፋተኛነቱንም ይዞ ይወለዳል ሲል አስተማረ። ሳይጠመቅ የሞተ ሕፃንም፣ ቅጣቱ ከሁሉ የቀለለ ቢሆን እንኳ፣ ከኩነኔ አያመልጥም አለ።

ይህን ትምህርት የተቃወሙ አልታጡም። ከብሪታንያ የመጣው ጰላግዮስና ተከታዮቹ፣ ሰው የሚጠየቀው በፈቃዱ በሠራው ሥራ ነው ሲሉ ተከራከሩ። እ.ኤ.አ. በ418 በካርቴጅ የተሰበሰበው ጉባኤ አወገዛቸው። በኢጣልያ የኤክላኑም ጳጳስ የነበረው ዩልያኖስ ግን ከውግዘቱም በኋላ ዝም አላለም። ሌላው በሠራው ጥፋት ሕፃንን የሚኰንን ፈራጅ እንዴት ጻድቅ ይባላል? የሚለው ጥያቄው ዛሬም ሲሰሙት ጉልበቱ አልደከመም።

አውግስጢኖስ ግን ባዶ እጁን አልነበረም። ሕፃናት ፍጹም ንጹሓን ከሆኑ፣ በጻድቅ አምላክ ዓለም ውስጥ ስለምን ይታመማሉ? ስለምን ይሠቃያሉ? ስለምን ይሞታሉ? ብሎ መልሶ ጠየቀ። ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ጥያቄ አይደለም። ነገር ግን መከራን የሚያስረዳ ምክንያት ሲፈለግ በተከሳሹ ወንበር ላይ የተቀመጠው፣ ለራሱ ሊናገር የማይችለው ሕፃን ነበር። አውግስጢኖስ ራሱም እ.ኤ.አ. በ415 ለሄሮኒሞስ በላከው ደብዳቤ፣ ስለ ሕፃናት ቅጣት ሲያስብ ብርቱ ጭንቀት እንደሚይዘው ገልጧል። የመሠረተው ትምህርት ኅሊናውን አላሳረፈውም ማለት ነው።

የክርክሩ አንዱ ሥር የትርጉም ጉዳይ ነው። ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት ምዕራፍ 5 ቁጥር 12 ላይ ስለ ሞት መምጣት የጻፈውን፣ የላቲኑ ትርጉም ሁሉ «በእርሱ»፣ ማለትም በአዳም ውስጥ፣ እንደ በደሉ አድርጎ አስነበበው። የግሪኩን ቃል ግን አብዛኞቹ ሊቃውንት «ስለ በደሉ» በሚለው አግባብ ይረዱታል። በግሪክኛ የጻፉት የምሥራቅ አበው ከአዳም የወረስነው ሞትንና የባሕርይ ድካምን ነው ወደሚለው ማዘንበላቸው አያስደንቅም።

አንድ ትምህርት ምን እንደሚመዝን የሚታወቀው ግን በሰው ትከሻ ላይ ሲያርፍ ነው። በአየርላንድ ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት በተቀደሰ የመቃብር ስፍራ እንዲያርፉ አይፈቀድም ነበርና፣ «ኪሊን» በሚባሉ ስፍራዎች፣ በፈረሰ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ በእርሻ ድንበር ወይም በባሕር ዳርቻ ይቀበሩ ነበር። ብዙ ጊዜም አባት ልጁን ታቅፎ በጨለማ ይሄድና፣ ያለ ጸሎተ ፍትሐት፣ ስም በሌለው ድንጋይ ሥር ያኖረው ነበር። ልማዱ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ቆይቷል። የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ዓለም አቀፍ የሥነ መለኮት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ሰነድ፣ እነዚህ ሕፃናት ይድናሉ ብሎ ተስፋ ለማድረግ በቂ ምክንያት መኖሩን ገለጸ። ተስፋው መልካም ነው፤ በሌሊት የቆፈረው አባት ግን አልሰማውም።

በአገራችን ነገሩ የሚነገርበት ሥዕል ልብ ሊባል ይገባዋል። ቤተ ክርስቲያናችን የመጀመሪያውን በደል «ጥንተ አብሶ» ትለዋለች፤ ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ታጠምቃለች። መምህራን የሚተርኩት ግን ስለ አንድ የዕዳ ደብዳቤ ነው፤ ይኸውም አዳምና ሔዋን የዲያብሎስ ባሮች መሆናቸውን ያመኑበት፣ አንዱ በዮርዳኖስ፣ ሌላው በሲኦል ተቀምጦ የነበረውና ክርስቶስ የደመሰሰው ጽሕፈት ነው። ሥዕሉ የዕዳና የባርነት ሥዕል ነው። ከባሪያ የተወለደ ልጅ ባሪያ ተብሎ ሊያድግ ይችላል፤ ነገር ግን ያጠፋው ጥፋት የለም። የሚያስፈልገው ነጻ አውጪ እንጂ ቀጪ አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገርም እዚህ ላይ ነው። ዕዳ ይወረሳል፤ ጥፋት ግን አይወረስም። ሕፃን ድህነትን፣ በሽታን፣ ጦርነትን፣ የአባቶቹን ቂም ይወርሳል፤ ይህን መካድ ዐይንን መጨፈን ነው። ጥፋት ግን ፈቃድን ይሻል፤ ፈቃድም ከሌላው ሰው ገላ በዘር አይተላለፍም። ነቢዩ ሕዝቅኤልም በምዕራፍ 18፣ ልጅ በአባቱ ኃጢአት እንደማይጠየቅ በግልጽ አስተምሯል።

ሁለቱን ማምታታት የቤተ ክርስቲያን ችግር ብቻ አይደለም። የሸክላ ሠሪዋንና የቀጥቃጩን ልጅ «ቡዳ» ብሎ ያገለለ ኅብረተሰብ፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለደውን «ዲቃላ» ብሎ ያሸማቀቀ መንደር፣ ልጅን በአባቱ ወገን የመዘነ ሹም፣ ሁሉም አንድ ፍርድ ፈርደዋል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆች ከሌሎቹ ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ሕጉ ይህን ይበል እንጂ፣ በክፍል ውስጥ የልጁን ስም ሲጠራ ዘሩን የሚያስብ መምህር ካለ አሮጌው ፍርድ አልተሻረም።

አውግስጢኖስ ስለ ሕፃናት ሥቃይ ያነሣው ጥያቄ መልስ ይሻል። መልሱን ግን ከሕፃኑ በደል ውስጥ መፈለግ፣ ዕዳውን ያቆየነውን እኛን ከተጠያቂነት ያወጣል። የተወለደው ልጅ ዕዳ ተቀባይ ከሆነ፣ ዕዳውን ማቃለል የሚገባው ቀድሞት የተወለደው ነው።