ብድር በምድር፤ ግን ለማን?

እንግዳ መጀመሪያ ወርቅ፣ ሲሰነብት ብር፣ ሲቆይ ብረት ይሆናል ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ የሚናገረው ስለ አስተናጋጁ ትዕግሥት ነው፤ ስለ እንግዳው ግዴታ ግን ዝም ይላል። ለመሆኑ እንግዳው የሚቆየው አራትና አምስት ዓመት፣ የሚቀርብለትም ምሳና ራት ሳይሆን ትምህርት ከሆነ ዕዳው ምንድን ነው? የሚከፍለውስ ለማን ነው?

ጥያቄውን በደፈናው ከማንሳት አንድ ከተማ ይዘን ብናየው ይሻላል። ከተማዋ የብራዚሏ ሳልቫዶር ናት። ከምድር ወገብ በስተደቡብ 13 ዲግሪ ገደማ፣ በአትላንቲክ ዳርቻ ትገኛለች። እ.ኤ.አ. በ1549 ተቆርቁራ እስከ 1763 ድረስ የቅኝ ግዛቲቱ ርዕሰ ከተማ ነበረች። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባለው የበጋ ወቅት የቀኑ ሙቀት 30 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ እርጥበቱ ልብስን ከገላ ያጣብቃል፤ ሌሊቱም ብዙ አይበርድም። በብርድ አገር የሚማር ሰው በሩን ዘግቶ ከመጽሐፉና ከናፍቆቱ ጋር ሊከርም ይችላል። የሳልቫዶር ሙቀት ግን ይህን አይፈቅድም። የተከራየው ጠባብ ክፍል ሲያፍነው ተማሪው ወደ ደጅ ይወጣል፤ ደጅ ሲወጣ ሰው ያገኛል።

ይህ ተማሪ ከቤኒን የመጣ የዮሩባ ልጅ ነው እንበል። የመጣው ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1965 ባቋቋመችው፣ ከታዳጊ አገሮች የሚመጡ ወጣቶች በዩኒቨርሲቲዎቿ በሚማሩበት ፕሮግራም ነው። የመግቢያ ፈተና አይፈተንም፤ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም። ቤት ኪራዩንና ቀለቡን ግን በአመዛኙ ቤተሰቡ ይችላል። ለብዙ ዓመታት ይሠራበት በነበረው ደንብ መሠረት ትምህርቱን ሲጨርስ ዲፕሎማውን የሚቀበለው አገሩ ተመልሶ፣ በዚያ ካለው የብራዚል ኤምባሲ ነበር። ደንቡ ለጥያቄያችን የራሱ መልስ አለው፤ ዕዳህ ላገርህ ነው፣ ተመለስና ክፈል ይላል።

ተማሪው ራሱ ደግሞ ሌላ መልስ ሊኖረው ይችላል። «በውጤቴ ተመርጬ መጣሁ፣ በላቤ ተማርኩ፤ የማንም ባለዕዳ አይደለሁም» ይል ይሆናል። ሁለቱም መልሶች እውነት አለባቸው። ነገር ግን ሁለቱም አንድ ሰው ይዘላሉ። እርሷም ደጅ ላይ ተቀምጣለች።

በሳልቫዶር ጎዳናዎች ጥግ ነጭ የለበሱ ሴቶች አካራዤ ይጠብሳሉ። አካራዤ ከተላጠና ከተፈጨ አደንጓሬ ተሠርቶ በፓልም ዘይት የሚጠበስ ምግብ ነው። የቤኒኑ ልጅ ሲቀምሰው ያውቀዋል፤ ስሙም የመጣው ዮሩባዎች አካራ ከሚሉት ነው። ወደ ብራዚል ከተጋዙት አምስት ሚሊዮን ከሚጠጉ አፍሪካውያን ብዙዎቹ የወረዱት በዚህች ከተማ ወደብ ነው። አካራዤንም በራሳቸው ላይ ተሸክመው በየመንገዱ ይሸጡ ከነበሩት መካከል በባርነት የተያዙ ሴቶች ይገኙበታል። ባርነት በሕግ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። የብራዚል መንግሥት የሻጮቹን ሙያ በብሔራዊ ቅርስነት የመዘገበው ደግሞ በ2005 ነው።

እንግዲህ ይህቺ ሴት ለተማሪው ምኑ ናት? በብራዚል ከሚሰበሰበው ግብር ትልቁ ድርሻ በሸቀጥና በአገልግሎት ዋጋ ላይ ተጨምሮ የሚከፈል ነው። ስለዚህ ዘይት በገዛች ቁጥር ለመምህሩ ደመወዝና ለቤተ መጻሕፍቱ መብራት ታዋጣለች። የራሷ ልጅ ግን ለረጅም ዘመን ወደዚያ ግቢ መግባት እጅግ ይከብደው ነበር። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲው በነጻ ያስተምራል፤ የመግቢያ ፈተናውን በብዛት የሚያልፉት ግን ከፍለው በግል ትምህርት ቤት የተማሩ ልጆች ነበሩ። የባኢያ ፌዴራል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆችና ለጥቁሮች ኮታ መደበ፤ በ2012 የወጣው ሕግም አሠራሩን በፌዴራል ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ አጸናው። ከዚያ በፊት በነበሩት አርባ ዓመታት ከአፍሪካ የመጣው እንግዳ ያለ ፈተና የገባበትን በር፣ ከአፍሪካ የተጋዙት ሰዎች የልጅ ልጆች በአመዛኙ ከውጭ ሆነው ያዩት ነበር ማለት ነው።

«ታዲያ ይህ የተማሪው ጥፋት ነውን?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ለእንግዳ የተመደበው ወንበር ባይኖር ኖሮ የሻጯ ልጅ ይቀመጥበት ነበር ማለትም አይቻልም። ነገር ግን ጥፋትና ዕዳ አንድ አይደሉም። የበደለ ሰው ይክሳል፤ የተደረገለት ሰው ደግሞ ብድር ይመልሳል። ምንም ሳያጠፋ ባለዕዳ የሚሆን ሰው ብዙ ነው፤ ልጅ ለእናቱ እንደሚሆነው ሁሉ።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከ1970ዎቹ የፈረንጆች ዓመታት ማብቂያ ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች በኩባ ተምረዋል። ያስተማራቸው ሕዝብ በዚያው ጊዜ ሩዙንና ስኳሩን በራሽን የሚቀበል ሕዝብ ነበር።

ታዲያ ብድሩ እንዴት ይመለሳል? ለሻጯ ገንዘብ መስጠት ምጽዋት እንጂ ብድር መመለስ አይሆንም። ስሟ በማንም መዝገብ ስለሌለ ዕዳው በቀጥታ አይከፈልም። ሊደረግ የሚችለው ግን ትንሽ አይደለም። የመጀመሪያው ማወቅ ነው፤ ወንበሩ ከሰማይ እንዳልወረደ፣ ከማን ኪስ እንደመጣ ማወቅ። ሁለተኛው እውነት መናገር ነው። አገሩ ሲገባ ስለዚያች ከተማ ሙቀት፣ ካርኒቫልና ሌባ ብቻ የሚያወራ ምሩቅ ያበሉትን ሰዎች ያማል። ሦስተኛው፣ በየሄደበት በር ላይ ቆሞ የቀረውን ልጅ ዞር ብሎ ማየት ነው፤ ያ ልጅ በኮቶኑም፣ በሳልቫዶርም፣ በአዲስ አበባም አለና።

ብድር በምድር ሲባል የተበደርንበት ምድር ብቻ ማለት አይመስለኝም። የኤምባሲው ደንብ ተማሪውን ካገሩ ሊያደርሰው ይችላል፤ ዲፕሎማውን ሲቀበል ግን ፈርሞ የሚወጣው ከመንግሥት ሒሳብ ነው። የሴቲቱ ሒሳብ በእርሱው እጅ እንዳለ ይቀራል።